ጥላው ወደ ፊት ሲረዝም፦ በዓለም ገና–ሰበታ መንገድ ላይ የደረሰ የአንድ ሞተር ግጭት የጉዳይ ጥናት

ወሩ ኅዳር ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል፤ ሰዓቱ ከቀኑ 11 ሰዓት ከ25 ነው። ሰማዩ ጠርቷል፣ አስፋልቱ ደረቅ ነው። ከሰበታ ወደ ዓለም ገና የሚመጣ አንድ ዕቃ አድራሽ ሞተረኛ፣ ከዓለም ገና መጥቶ በግራ በኩል ወዳለ የጠጠር መንገድ ሲታጠፍ ከነበረ አይሱዙ ጋር ተጋጨ። የሞተረኛው ግራ እግር ከጉልበት በታች ተሰብሮ አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጣ። ጭንቅላቱም አስፋልት መታ። ሄልሜት አድርጎ ነበር፤ ሄልሜቱ የተገኘው ግን ከወደቀበት 8 ሜትር ርቆ ነው።

ሕይወቱ ተርፏል። በኋላ ሁለቱ ሲጠየቁ፣ ሹፌሩ ሞተሩን ጨርሶ እንዳላየው ተናገረ። ሞተረኛው ደግሞ ሹፌሩ ፊት ለፊት እያየው እንደታጠፈበት ተናገረ። እንዲህ ዓይነት ቃል ሲሰማ ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል ብሎ መደምደም የተለመደ ነው። እዚህ ጉዳይ ላይ ግን አንዳቸውም አልዋሹም፤ ሁለቱም የተናገሩት እንደመሰላቸው ነው። ጉዳዩ እስከ ዝርዝሩ ሊታይ የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቦታውና አቀማመጡ

መንገዱ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በዓለም ገናና በሰበታ አድርጎ ወደ ጅማ የሚወስደው ዋና መንገድ ነው። ግራና ቀኙ ፋብሪካና መጋዘን የበዛበት ስለሆነ ከባድ መኪና፣ አይሱዙ፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ ሞተርና እግረኛ አንዱን አስፋልት ይሻሙበታል። ግጭቱ የደረሰበት ክፍል መሃል አካፋይ የለውም፤ ለመሄጃ አንድ፣ ለመምጫ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። የጠጠሩ መንገድ ወደ መጋዘኖች የሚያስገባ ሲሆን ከሰበታ ለሚመጣ ሰው በቀኝ በኩል ይገኛል። ከዚያ የሚወጡ መኪኖች በጎማቸው እየጎተቱ ያመጡት አሸዋና ጠጠር በመታጠፊያው አፍ ላይ አስፋልቱን እስከ አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ሸፍኖታል።

ከመታጠፊያው አፍ ትንሽ ቀደም ብሎ ሰው የሚወርድበትና የሚሳፈርበት ቦታ አለ። ማንም ፌርማታ ብሎ ምልክት አልተከለበትም፤ ሰው ስለለመደው ብቻ ሚኒባሶች ይቆሙበታል።

በስድስት ሰከንድ ውስጥ የሆነው

ሞተሩ ባለ 150 ሲሲ፣ ከፊትም ከኋላም ታምቡር ፍሬን ያለው፣ በከተማው ዳርቻ በብዛት የሚታየው ዓይነት ነው። ከኋላ 20 ኪሎ ያህል ዕቃ በካርቶን ሆኖ በጎማ ላስቲክ ታስሯል። ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 60 ኪሎ ሜትር ይጠጋ ነበር።

ከሞተሩ ፊት ሚኒባስ ይሄድ ነበር። ሚኒባሱ ሰው ሊያወርድ የቀኝ ፍሬቻ አብርቶ ቀስ አለና ግማሽ አካሉን አስፋልቱ ላይ ትቶ ቆመ። አይሱዙው በዚህ ጊዜ የግራ ፍሬቻ አብርቶ መሃል መስመሩ አጠገብ እየጠበቀ ነው። ሹፌሩ ሚኒባሱ ሲቆም አየ። ሚኒባስ ቆመ ማለት ከተቃራኒ የሚመጣው ቆመ፣ መንገዱ ለእኔ ተለቀቀ ማለት መሰለው። መሪውን አዞረ።

በዚያችው ቅጽበት ሞተረኛው በሚኒባሱ ግራ በኩል ወጣ። እስከዚያ ድረስ ከሚኒባሱ ጀርባ ስለነበር አይሱዙው ውስጥ ላለ ሰው አይታይም። ሲወጣ ደግሞ ከጀርባው ፀሐይ ነበረች። አይሱዙው መሃል መስመሩን ሲያቋርጥ በሁለቱ መካከል የነበረው ርቀት ወደ 34 ሜትር ይገመታል። ሞተረኛው የኋላውን ፍሬን በእግሩ ረገጠው፤ የፊቱን አልነካውም። የኋላ ጎማው ታሰረና 9 ሜትር ጥቁር ምልክት እየጻፈ ወደ ጎን ዞረ፣ አሸዋው ላይ ሲደርስ በግራ በኩል ወደቀ፣ ቀሪውን 5 ሜትር እየተንሸራተተ ሄዶ ከአይሱዙው የቀኝ የፊት ጎማ ጋር ተላተመ። ከኋላ የታሰረው ካርቶን በላስቲኩ ተስቦ ወደ ፊት መጣና ጀርባውን ገፋው። ላስቲክ ስለሚለጠጥ ሁልጊዜም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ዕቃ መታሰር ያለበት በማይለጠጥ ጠፍር ነው፤ ክብደቱም ወደ መቀመጫው ተጠግቶ ዝቅ ማለት አለበት።

ለአንዱ ጥርት ያለ፣ ለሌላው ዕውር የሆነ ሰዓት

በኅዳር መጨረሻ አዲስ አበባ አካባቢ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ላይ ነው። 11 ከ25 ላይ ከአድማሱ በላይ ያላት ከፍታ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ይሆናል። በዚህ ወቅት የምትጠልቀው በትክክል በምዕራብ ሳይሆን ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ነው፤ ከዓለም ገና ወደ ሰበታ የሚወስደው መንገድም የሚያመራው ወደዚያው ነው። በአጭሩ፣ ከኅዳር እስከ ጥር አመሻሽ ላይ ወደ ሰበታ የሚነዳ ሹፌር ፀሐይዋን የሚያገኛት በመስታወቱ መሃል፣ ልክ ከመንገዱ ጫፍ ላይ ነው። ጸሐይ መከላከያውን ቢያወርድ መንገዱም አብሮ ይሸፈንበታል።

በዚህ ላይ የአይሱዙው የፊት መስታወት አቧራ ነበረበት። የውጭው በውኃ መርጫና በመጥረጊያ ይጸዳል፤ ብዙ ሰው የሚረሳው የውስጡን ነው። በመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚቀመጠው ስስ ጭጋግ መሰል ቅባትና አቧራ ቀን ላይ አይታወቅም። ዝቅ ያለ ፀሐይ ሲመታው ግን እያንዳንዷ ቅንጣት ብርሃኑን ስለምትበትነው መስታወቱ ነጭ መጋረጃ ይሆናል። ሚኒባስን የሚያህል ነገር በዚያ መጋረጃ ውስጥ እንደ ጥቁር ጥላ ይታያል። ፊት ለፊት የሚመጣ ሞተር ግን ስፋቱ ከአንድ ሜትር ያነሰ ስለሆነ ይሟሟል።

ሞተረኛው የነበረው በተቃራኒው ዓለም ውስጥ ነው። ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ ሲነዳ ከዚያ የተሻለ ብርሃን በቀን ውስጥ አያገኝም። የአይሱዙው ቀለም፣ የፍሬቻው ብልጭታ፣ የሹፌሩ ፊት ሳይቀር ተለይቶ ይታየዋል። ሰው ደግሞ እኔ እንዲህ አጥርቼ ካየሁት እሱም ያየኛል ብሎ ያምናል። ሞተረኛው ፍጥነቱን ያልቀነሰው በድፍረት ወይም በግድየለሽነት አልነበረም፤ ዓይን ለዓይን የተገናኙ ስለመሰለው ነው።

ይህን በምን ማወቅ ይቻላል? በጥላ። 9 ዲግሪ ከፍታ ላይ ባለች ፀሐይ 1.6 ሜትር ቁመት ያለው ሞተርና ነጂ 10 ሜትር ርዝመት ያለው ጥላ ይጥላል። ሞተረኛው የራሱን ጥላ ከፊት ጎማው ፊት ተዘርግቶ፣ ወደሚታጠፈው መኪና እያመለከተ ሲሄድ ካየ፣ ያ ሹፌር በቀጥታ ፀሐይን እያየ ነው ማለት ነው። ጥላው ያመለከተበት ሹፌር እንደማያይ ተቆጥሮ መነዳት አለበት። ይህ በሰዓት ወይም በወር መገመት የማያስፈልገው፣ አስፋልቱ ላይ ራሱ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነው።

የፊት መብራት ቀንም አብርቶ መንዳት ጥሩ ልማድ ነው፤ በደመናማ ቀንና በዛፍ ጥላ ሥር ብዙ ይረዳል። ከጀርባ ፀሐይ ባለችበት ሰዓት ግን መብራቱ በዚያ ሁሉ ብርሃን ውስጥ ስለሚዋጥ መተማመኛ አይሆንም። አንጸባራቂ ሰደርያም እንደዚሁ ነው፤ ብርሃኑ የሚመታው ከጀርባ ስለሆነ ለሹፌሩ የሚታየው የደረቱ ጥቁር ጎን ነው። በዚህ ሰዓት የሚሠሩት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፦ ፍጥነት መቀነስና ከትልቅ ተሽከርካሪ ጋር መቆየት።

ሁለተኛው በተለይ ለዚህ ጉዳይ ቁልፍ ነው። ሚኒባሱ ለሞተረኛው ጋሻ ነበር። አይሱዙው ሚኒባሱን አይቷል፣ ለእሱም ጠብቋል። ሞተረኛው ከሚኒባሱ ኋላ ቆሞ አራት ወይም አምስት ሰከንድ ቢታገሥ ኖሮ አይሱዙው ፊቱ ላይ ታጥፎ ያልፍ ነበር። መታጠፊያ አጠገብ የቆመን መኪና በግራ መቅደም፣ ከበር ጀርባ ወጥቶ መንገድ እንደመሻገር ነው።

ርቀቱ ምን ያህል ያድን ነበር

34 ሜትር ለማዳን በቂ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ጥያቄ በስሌት መልስ አለው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 16.7 ሜትር ነው። አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ 1.2 ሰከንድ ቢፈጅበት 20 ሜትር በከንቱ ያልፋል፤ የሚተርፈው 14 ሜትር ነው። የኋላ ፍሬን ብቻውን ሲያዝ የሚሰጠው የመቀነስ ኃይል ከሁለቱ ተባብረው ከሚሰጡት ግማሽ ገደማ ነው። በዚህ ስሌት በኋላ ፍሬን ብቻ የመላተሚያው ፍጥነት 49 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሁለቱም ፍሬኖች በአግባቡ ቢያዙ 33። ጣቶቹ አስቀድመው በፊት ፍሬኑ ላይ ቢሆኑና የምላሽ ጊዜው ወደ 0.9 ሰከንድ ቢወርድ ደግሞ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይሆን ነበር።

አሁን ፍጥነቱ ብቻ ተቀንሶ ይታይ። በ45 ኪሎ ሜትር እየመጣ፣ በዚያው 1.2 ሰከንድ ምላሽ፣ በሁለቱም ፍሬን ቢይዝ ከአይሱዙው ወደ 8 ሜትር ቀርቶት ይቆማል። በ40 ኪሎ ሜትር ቢሆንማ በኋላ ፍሬን ብቻ እንኳ ሳይነካው ይቆማል። ይህ ስሌት ደረቅና ንጹሕ አስፋልትን ታሳቢ ያደረገ ነው፤ አሸዋው ላይ ከሆነ ውጤቱ ይከፋል። ያም ሆኖ 60 እና 45 መካከል ያለችው ልዩነት፣ ከሰበታ ዓለም ገና ለመድረስ ጥቂት ደቂቃ እንኳ የማትሞላው ልዩነት፣ እግሩን ታድነው ነበር።

የግጭቱ ዓይነት አዲስ አይደለም። በ1981 እ.ኤ.አ. ሪፖርቱ የወጣና በሎስ አንጀለስ አካባቢ 900 የሞተር አደጋዎችን በየቦታው እየተገኘ የመረመረ ሰፊ ጥናት፣ ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር በሚደርሱ ግጭቶች በጣም የተለመደው ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሲሄድ መኪናው ፊቱ ላይ ወደ ግራ የሚታጠፍበት መሆኑን አሳይቷል። ከአደጋው በፊት ሞተረኛው ያለው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሰከንድ በታች እንደሆነና ብዙዎቹ የኋላውን ጎማ አስረው የፊቱን ፍሬን በበቂ እንዳልተጠቀሙም ዘግቧል። ሰበታ መንገድ ላይ የሆነው የዚያ ቅጂ ይመስላል።

«የፊት ፍሬን ይገለብጣል»

ሞተረኛው የፊት ፍሬኑን ለምን አልነካውም? ፍሬኑ ደኅና ነበር፤ ሸራውም አላለቀም። የማይነካው ስለሚፈራው ነው። «የፊት ፍሬን ይገለብጣል» የሚለው አባባል በአዲስ አበባ ዳርቻ ካሉ ሞተረኞች ዘንድ ከመንጃ ፈቃድ ትምህርት ይልቅ ይታመናል፤ ያለ ምክንያትም አልመጣም። አብዛኛው ሰው ሞተር የሚለማመደው በኮረኮንች፣ በጭቃና በጠጠር ላይ ነው። እዚያ ላይ የፊት ፍሬንን ድንገት የጨበጠ፣ በተለይ መሪው ሲዞር፣ የፊት ጎማው ይከዳውና ይወድቃል። አንዴ የወደቀ ሰው እጁን ከፊት ፍሬኑ ያርቃል። በኋላ አስፋልት ላይ ሲወጣ ያንኑ ልማድ ይዞ ይወጣል፤ ፍጥነቱ ግን ሦስት እጥፍ ሆኗል።

አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ጎማ ይሄዳል። በኃይለኛ አያያዝ ጊዜ የማቆሚያው ሥራ ከሁለት ሦስተኛው በላይ የፊቱ ጎማ ነው፤ የኋላው እየቀለለ ስለሚሄድ ትንሽ ሲረገጥ ይታሰራል። የሚገለብጠው የፊት ፍሬን መያዙ ሳይሆን ድንገት መጨበጡ ነው። ክብደቱ ወደ ፊት ለመምጣት ጊዜ ይፈልጋል፤ ስፖንጅ ውኃ እንደሚጨመቀው መጀመሪያ በለስላሳ፣ ከዚያ እየጠነከረ መሄድ አለበት።

ልምምዱ ቀላል ነው፣ ግን መደረግ አለበት። ባዶ፣ ደረቅና ጠጠር የሌለው አስፋልት ይመረጥ። በ30 ኪሎ ሜትር ይጀመር። ጋዙን መልቀቅ፣ የፊቱን በሁለት ወይም በሦስት ጣት በሩብ ሰከንድ ገደማ ለስለስ አድርጎ ማስያዝ፣ ሞተሩ አፍንጫውን ሲደፋ ግፊቱን መጨመር፣ የኋላውን በእግር ጫፍ ብቻ ማገዝ፣ ፍሪሲዮኑን መጨረሻ ላይ መያዝ። መሪው ቀጥ፣ ዓይን ሩቅ። የፊት ጎማው ሲጮኽ ወይም ሲንሸራተት ቢሰማ ወዲያው ለቀቅ አድርጎ ደግሞ መያዝ። ሃያ ጊዜ ያህል በ30 ከተደረገ በኋላ ወደ 40፣ ከዚያ ወደ 50። በየወሩ አምስት ደቂቃ መድገም ይበቃል፤ የእጅ ልማድ ካልታደሰ ይጠፋል። ፊት ለፊት ጠጠር ካለ ደግሞ ዋናው ፍሬን ከጠጠሩ በፊት፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሳለ ተይዞ ማለቅ አለበት፤ ጠጠሩ ላይ ሲደረስ የፊቱ ይለቀቃል።

ታምቡር ፍሬን ያለው ሞተር ላይ የፊቱ እጀታ ከመያዙ በፊት ያለው ባዶ ጨዋታ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር፣ የኋላው መርገጫ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። እጀታው መሪውን ሊነካ ከደረሰ ሽቦው ይጠበቅ፤ ማጥበቂያው ካለቀ ሸራው አልቋል ማለት ነው። ጋራዥ ሲወሰድ ታምቡሩ ተከፍቶ አቧራው በእርጥብ ጨርቅ እንዲጠረግ፣ ሸራው ላይ ግን ቅባት እንዳይነካው መንገር ተገቢ ነው። የጎማ ንፋስም ከፍሬን የማይለይ ጉዳይ ነው፦ በእንዲህ ዓይነት ሞተር ላይ ብዙውን ጊዜ ለፊት 25፣ ለኋላ 28፣ ሰው ወይም ጭነት ሲኖር ለኋላ 32 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ነው። ትክክለኛው ቁጥር ሞተሩ ላይ የተለጠፈው ነው። ጎሚስታ ጋ በመዶሻ ወይም በእግር መትቶ «በቂ ነው» መባል ልኬት አይደለም።

የሄልሜቱ ነገር

ከዚህ ጉዳይ ሁሉ የሚያስቆጨው ይህ ነው። ሄልሜቱ ሙሉ ፊት የሚሸፍን፣ ውስጡ ደኅና የሆነ፣ በዋጋውም ርካሽ ያልሆነ ነበር። ማሰሪያው ግን አልታሰረም። በየደንበኛው በር እየቆሙ ዕቃ የሚያደርሱ ሰዎች በቀን አርባ ጊዜ ማውለቅና ማጥለቅ ስለሚሰለቻቸው ማሰሪያውን ፈትተው ወደ ውስጥ ያጥፉታል። ያልታሰረ ሄልሜት በመጀመሪያው ምት ይወልቃል። ሁለተኛው ምት፣ አስፋልቱ፣ ያገኘው ባዶ ጭንቅላት ነው። ሞተረኛው ለጥቂት ደቂቃ ራሱን ስቶ ነበር፤ የራስ ምታቱና የመርሳቱ ነገር ለሳምንታት ቆይቶበታል።

በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ግምገማ፣ ሄልሜት በአደጋ ጊዜ የሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አስልቷል። ይህ የሚሆነው ጭንቅላት ላይ ሲቆይ ነው።

ሄልሜት ሲገዛ የጭንቅላት ዙሪያ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ በሜትር ይለካ። ሲጠለቅ ጉንጭን ጫን ማለት አለበት፤ ጭንቅላት ሲወዘወዝ ብቻውን መዞር የለበትም። ከታሰረ በኋላ ከአገጭ ሥር ሁለት ጣት ብቻ ይግባ። ከዚያ ሌላ ሰው ከኋላ ጠርዙን ይዞ ወደ ፊት ሊገለብጠው ይሞክር፤ ከወለቀ ያ ሄልሜት ለዚያ ጭንቅላት አይሆንም። ከቆዳው ሥር ጠንካራና ወፍራም ፎም ሊኖረው ይገባል፤ ስስ ስፖንጅ ብቻ ያለው የግንባታ ቆብ ዓይነት ነገር ከፖሊስ ቅጣት እንጂ ከአስፋልት አያድንም። አንዴ ከባድ ምት ያረፈበት፣ ከውጭ ስንጥቅ ባይታይበትም፣ ፎሙ ሥራውን ጨርሷልና ይቀየር። ማውለቅና ማሰር ለሚሰለቸው ዕቃ አድራሽ፣ ጥርስ ጥርስ ባለው መያዣ የሚቆለፍና በአንድ እጅ የሚከፈት ማሰሪያ ያለው ሄልሜት መምረጥ ትልቅ መፍትሔ ነው። ቀጣሪዎችም ሄልሜት ሲያድሉ ይህን አይተው ቢገዙ የሠራተኛቸውን ሕይወት ይገዛሉ።

የሹፌሩ ድርሻ

ወደ ግራ የሚታጠፍ ቀጥ ብሎ ለሚመጣው ቅድሚያ ይሰጣል፤ ይህ አያከራክርም። የሚያከራክረው «ባይታይስ?» የሚለው ነው። መልሱም፦ ካልታየ አይታጠፍም።

አይሱዙው 6 ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት አለው። ቀጥ ባለ ማዕዘን ቢታጠፍ 3.5 ሜትር ስፋት ያለውን መስመር ጨርሶ ለመልቀቅ 10 ሜትር መሄድ ይበቃዋል፤ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ይህ 3.6 ሰከንድ ይወስዳል። ሹፌሩ ግን ጥጉን ቆርጦ፣ ከመታጠፊያው ቀደም ብሎ በሰያፍ ገባ። በሰያፍ ሲገባ 15 ሜትር ያህል በሰው መስመር ላይ ይቆያል፤ ከ5 ሰከንድ በላይ ማለት ነው። በዚያ ጊዜ በ60 የሚመጣ ሞተር 90 ሜትር ይጓዛል። የቀኙ የመስታወት ምሰሶና ትልቁ የቀኝ ስፖኪዮም በሰያፍ ሲገባ የሚያርፉት ልክ ከፊት የሚመጣው መስመር ላይ ነው፤ ሞተር ከኋላቸው ሙሉ በሙሉ ሊደበቅ ይችላል።

ስለዚህ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትሆን የሚታጠፍ ሹፌር ጎማውን ቀጥ አድርጎ ይጠብቅ፣ ከመታጠፉ በፊት ደረቱን ወደ ፊትና ወደ ጎን አንቀሳቅሶ ከምሶሶው ጀርባ ያለውን ይይ፣ ከቆመ ሚኒባስ ጀርባ ሌላ ነገር እንዳለ ይቁጠር። ረዳት ካለው ወርዶ መንገዱን እንዲያይለት ማድረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። መስታወቱን በውስጥ በኩል በሳምንት ሁለቴ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ፣ ከዚያ በደረቅ ጋዜጣ ማሸት ከማንኛውም መነጽር ይበልጣል። ደግሞም ሌላ ሐቅ አለ፦ ዓይን የትንሽ ነገርን ፍጥነት አሳንሶ ይገምታል። ሞተር ሩቅና ዘገምተኛ ከመሰለ፣ እውነቱ ከመሰለው ይቀርባል።

ሚኒባሱም ከመታጠፊያው በፊት ሳይሆን አልፎት፣ 20 ሜትር ያህል ርቆ፣ ሙሉ በሙሉ ከአስፋልት ወርዶ ቢቆም ኖሮ ማንንም ባልሸፈነ ነበር። የመጋዘኖቹ ባለቤቶች የጠጠሩን መንገድ የመጨረሻ 15 ሜትር በኮንክሪት ቢሸፍኑት መኪኖች ጠጠሩን እዚያው አራግፈው ይወጣሉ፤ እስከዚያ ድረስ አንድ ሰው በጠዋትና በማታ አፉን ቢጠርግ አሸዋው አስፋልት ላይ አይከማችም።

ከግጭቱ በኋላ የተደረገውና ያልተደረገው

ሰው ሮጦ ደረሰ፤ ይህ የአገራችን ሰው መልካምነት ነው። ችግሩ ሁለቱ እጁን፣ ሁለቱ እግሩን ይዘው አንስተው ባጃጅ ውስጥ አጥፈው ማስገባታቸው ነው። የተሰበረው እግር ተንጠለጠለ፣ አንገቱም ሳይደገፍ ወደ ኋላ ወደቀ። ራሱን ስቶ የነበረ ሰው አንገቱ እንደተጎዳ ተቆጥሮ መያዝ አለበት፦ አንድ ሰው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ከትከሻው ጋር እኩል አድርጎ ይይዛል፣ ሌሎች ሦስት ሆነው አካሉን እንደ አንድ ግንድ ወደ ጣውላ ወይም ወደ በር ያስተላልፉታል፣ ከዚያ በፒክአፕ ጀርባ ይተኛል። የወጣ አጥንት ወደ ውስጥ አይገፋም፤ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ከጉልበት በላይ እስከ ቁርጭምጭሚት በታች በካርቶን ወይም በእንጨት ይታሰራል። ደም የሚፈስበት ቦታ በጨርቅ በቀጥታ ተጭኖ ሳይለቀቅ ይያዛል። የወደቀው ሰው ሄልሜቱን እንዳደረገ ከሆነና የሚተነፍስ ከሆነ ሄልሜቱ አይወለቅ። ውኃ ወይም ምግብ አይሰጠው፤ ቀዶ ሕክምና ሊጠብቀው ይችላል።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የፖሊስ 991 ነው። ከስልክ ላይ ሲነገር «ሰበታ መንገድ» ብቻ ብዙ ኪሎ ሜትር ነውና የመጋዘን፣ የነዳጅ ማደያ ወይም የቤተ ክርስቲያን ስም ተጨምሮ፣ ወደየት አቅጣጫ እንደሆነ ይነገር። ሰበታ በ2015 ዓ.ም. በተመሰረተው የሸገር ከተማ ሥር ስለሆነች አስተዳደሩ ከአዲስ አበባ ይለያል፤ ቦታውን በትክክል መናገር የትኛው ትራፊክ ፖሊስ እንደሚመጣ ጭምር ይወስናል። ክፍት ስብራት፣ ማለትም አጥንቱ ቆዳ ቀዶ የወጣበት፣ አንቲባዮቲክ በተቻለ መጠን በመጀመሪያው ሰዓት ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ በቅርብ ባለ ጤና ጣቢያ መርፌውን አስወግቶ ወደ ሆስፒታል መቀጠል ጊዜ ማባከን አይደለም። በሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ መሠረት ተጎጂው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት አለው።

ሁለተኛው ስህተት መንገዱ እንዲከፈት ተብሎ አይሱዙው የአደጋው ፕላን (የትራፊክ ፖሊስ የሚያነሣው ንድፍ) ከመነሣቱ በፊት መንቀሳቀሱ ነው። ሰው ለማዳን ካልሆነ መኪና አይነካም። መነካት ካለበት አራቱ ጎማዎች የነበሩበት ቦታ ላይ በጠመኔ ወይም በድንጋይ ምልክት ይደረግ፣ የጎማው ምልክት ከሁለት አቅጣጫ በስልክ ይነሣ፣ ፀሐይዋ የነበረችበትም በፎቶው ውስጥ ይግባ። በዚህ ጉዳይ የ9 ሜትሩ ምልክት በመትረፉ ነው የፍሬኑ ታሪክ የታወቀው።

በሌሎቹ መውጫዎች

ፀሐይ ወደ ሰሜን ዘንበል ብላ በምትወጣባቸው ወራት ይኸው ነገር ጠዋት ገልብጦ ይሠራል፦ ከሰበታ ወደ ዓለም ገና የሚገባው ሹፌር ፀሐይን ያያል፣ ወደ ሰበታ የሚወጣው ሞተረኛ ጥላው ከፊቱ ይሆናል። በካራ–ለገጣፎ መንገድ ከኅዳር እስከ ጥር አመሻሽ ላይ የሚታወረው ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው ሹፌር ነው፤ ተጎጂው ወደ ለገጣፎ የሚወጣው ሞተረኛ። በአስኮ–ቡራዩ መንገድ አመሻሽ ላይ ወደ አምቦ አቅጣጫ የሚሄደው ሹፌር ይታወራል። ከቃሊቲ ወደ ገላን የሚወስደውና ወደ ሱሉልታ የሚወጣው መንገድ በአብዛኛው ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለሚዘረጉ ፀሐይዋ ከጎን ናት፤ እዚያ ጥላው ወደ ፊት ሳይሆን ወደ መንገዱ ዳር ይወድቃል፣ የሚታወረውም ከጎን መንገድ የሚወጣው ሹፌር ነው።